«የተማረ ይግደለኝ» አሉ፤ ምን የተማረ?

«የተማረ ይግደለኝ» ይል ነበር የአገራችን ሰው። ትምህርትን አክብሮ፣ ተማሪን አምኖ ነው እንዲህ ያለው። ዛሬ ግን አባባሉ ሳይጠየቅ አያልፍም። ምን የተማረ? ማን ዘንድ የተማረ? ተምሮስ ምን መሥራት የሚችል? ከሰቆጣ፣ ከአምደወርቅ፣ ከአስከተማ፣ ከጽጽቃና ከኒሯቅ ታናናሾቻችን በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ይልኩልናል። ፈተናውን ያለፉት «ቅጹ መጣ፤ ምን ልሙላ?» ይላሉ። ያልሆነላቸው ደግሞ «ከተማ ውስጥ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ፤ ከፍዬ ልግባ ወይስ ልተው?» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ የእኛ መልስ ነው። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን፤ ገጹ ክፍት ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን ክብደት እንመዝን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርስቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ለ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ ለ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ ለ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ ለ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበር። ይህ እንግዲህ ለአገሩ በሙሉ ነው። ዋግ ላይ ደግሞ የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት አለ፤ ትምህርት ያቋረጠው፣ ሰው ያፈናቀለው። የ2016 ዓ.ም. ድርቅ አለ፤ ከብቱን የፈጀው፣ ልጁን ከክፍል አውጥቶ ውሃ ፍለጋ የሰደደው። ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈ አንድ ልጅ የራሱ ብቻ አይደለም። የተሸጡት ፍየሎች አሉበት፤ እርሱ እንዲማር ከትምህርት የቀረችው እህቱ አለችበት። እንዲህ ያለ ልጅ አራት ዓመቱን የት እንደሚያጠፋ ሲመርጥ ምርጫው የግል ጉዳይ ነው ብሎ የሚነግረን ሰው ካለ፣ ዋግን አያውቅም ማለት ነው።

በግቢያችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ዲግሪ ዲግሪ ነው» ባይ ነው። «ዋናው ወረቀቱ ነው፤ ሥራው በኋላ ይመጣል» ይላል። የትምህርት ክፍል ሲመርጥ የሚያየው ስሙ ሲጠራ እንዴት እንደሚያምር ነው። ሁለተኛው ወገን «ቶሎ እንጀራ የሚያበላውን ያዝ» ባይ ነው። ነገሩ ደግ ይመስላል። ዳሩ ግን የሙያ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሁሉ ሙያ ይመስለዋል። ሁለቱ ወገኖች ሻይ ቤት ሲከራከሩ የሰማ ሰው ጠላቶች ናቸው ይላል። ምኑን! ሁለቱም የሚጠይቁት ወረቀቱ ምን ያስገኛል የሚለውን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እጄ ምን መሥራት ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ከሁለቱም ወገን የለም።

እኛ አቋማችንን ሳንሸፋፍን እንናገር። ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙያ ላይ ያተኮረ ኮሌጅ መምረጥ ለዋግ ልጅ ትክክለኛ ምርጫ ነው እንላለን። ነገር ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሙያው በስም ሳይሆን በተግባር የሚሰጥ ሲሆን፤ ሙያው አገራችን የምትፈልገው ሲሆን፤ በላዩም ጣሪያ ያልተሠራበት ሲሆን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ኮሌጁ ቢቀር ይሻላል።

የመጀመሪያውን ወገን እንመልስ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከሚገቡት ተማሪዎች ሰባ በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ ይመደባል የሚል ፖሊሲ ወጣ። ዩኒቨርስቲዎች በየአቅጣጫው ተከፈቱ፤ ተመራቂው በዛ። «ኢንጂነር» የሚለው ስም ከፍ ብሎ ተሰማ፤ ቤተ ሙከራው፣ ወርክሾፑና መምህሩ ግን በዚያው ፍጥነት አልደረሱም። ከዚያ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጩ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተቀመጠ። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፈው ከመቶ 62 ገደማ ነበር። ያላለፈው ዲግሪውን አልያዘም። ስለዚህ «ዲግሪ ዲግሪ ነው» የሚለው ክርክር በገዛ ሜዳው ተሸንፏል። ሥራው ቀርቶ ወረቀቱ ራሱ ዕውቀት ይጠይቅ ጀመር።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ አይሳቅ። በዚያው ፈተና ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፈው ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ነበር። እነዚህ እኮ በብዛት «ሙያ እናስተምራለን፣ ለሥራ እናዘጋጃለን» እያሉ የሚያስተዋውቁ ናቸው! የግል ኮሌጅ ሁሉ አንድ ነው አንልም፤ አማካይ ቁጥር ደካማውንም ብርቱውንም ባንድ ከረጢት ይከታል። ነገር ግን ልብ ያለው ይጠይቅ። ከመካከላችን የአንዱ ወንድም የተማረበት ኮሌጅ ነበር፤ ስሙን አናነሣም። ቅየሳ ይሰጥበታል። የቅየሳ መሣሪያው ግን በመጽሐፍ ላይ ባለው ሥዕል ብቻ ነው የታየው። ተማሪው ሥዕሉን አጥንቶ፣ ተፈትኖ፣ «ኤ» አግኝቶ ወጣ። ሜዳ ላይ መሣሪያውን ሲሰጡት በየት በኩል እንደሚታይበት አላወቀም። ይህ ነው እንግዲህ ቶሎ እንጀራ የሚያበላው! «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶች ይህን ኮሌጅ ያወቁት ይመስላል።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። ሙያን ስለ ምን እንሸሻለን? መልሱ ከእኛ ዕድሜ ይረዝማል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን እየሰደበ የኖረ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ ስድብ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም እንጂ። የእኛው አገር ግን ሌላ ምስክር አላት። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን። እሑድ እሑድ ሄደን እንሳለመዋለን። ያንን አለት የጠረበው እጅ ልኬት ያውቅ ነበር፤ ድንጋዩ የት እንደሚሰነጠቅ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። በእርሱ እየኮራን የዛሬውን ግንበኛ «ያልተማረ» ብለን እንጠራለን። ይህ ቅራኔ ዛሬም በቅጹ አሞላላችን ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ምክንያት የቅርብ ታሪክ ነው፤ ሳናነሣው ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀ «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ጥናት ነበር። አብዛኛው የድሃ ልጅ አራት ዓመት ያህል መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ ሥራ እንዲሄድ፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ጥቂቱ እንዲሆን ያስብ ነበር። በ1966 ዓ.ም. መምህራኑና ወላጆቹ ተነሡበት፤ ጥናቱም ተሻረ። ሕዝቡ ያን ጊዜ የጠላው ሙያን ነበር ወይ? አልነበረም። የጠላው ጣሪያውን ነው። «ያንተ ልጅ እዚህ ድረስ፤ የእኔ ልጅ ከዚህ በላይ» መባሉን ነው። ተቃውሞው ትክክል ነበር። ጉዳቱ ግን ቀረ፤ «የሙያ ትምህርት» ሲባል ዛሬም የብዙ አባት ጆሮ «የድሃ ትምህርት» ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ታናናሾቻችን «ድሆች ስለሆንን ነው ወይ ወደ ሙያ የምትገፉን?» ብለው ቢጠይቁን አንቆጣም። መጠየቅ አለባቸው። መልሳችንም «ጣሪያ ካለበት አትግቡ» የሚል ነው።

ጣሪያ የሌለበት የሙያ ትምህርትስ በአገራችን ታይቶ ያውቃል? ታይቷል እንጂ! ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ባንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ ውስጥ ሠለጠኑ፤ ከዚያም ሐኪም ወዳልረገጠው ወረዳ ወጡ። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ ዩኒቨርስቲ ነው፤ ሐኪም ያስመርቃል። በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ የጨርቃ ጨርቁን፣ የእርሻ መሣሪያውን፣ የብረቱን ሥራ በወርክሾፕ አስተማረ። እርሱም የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ አንዱ ሥር ነው። በ1979 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ከ1977ቱ ረሃብ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ያለው የፌደራሉ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በሙያ ዲግሪ ይሰጣል።

እነዚህን ቤቶች ቤት ያደረጋቸው ሰሌዳቸው አይደለም። እያንዳንዳቸው ከአንድ በስም ከሚታወቅ ችግር ተነሡ፤ ወባ ነው፣ ፋብሪካ ነው፣ ውሃ ነው። ለችግሩ ሰው አሠለጠኑ፤ የሠለጠነውንም ሰው እዚያው ላይ አላቆሙትም፤ መንገዱን ወደ ላይ ከፈቱለት። ይህንን ይዘን ወደ ዋግ እንመለስ።

ዋግ ምን ትፈልጋለች? መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ክረምት ወጥቶ በጋ ሲገባ መንገድ መሄድ ይበቃል። ውሃ ያቆር፣ ጉድጓድ ያጥራ፣ የተሰበረ ፓምፕ ይጠግን የሚባል ሰው ትፈልጋለች። የአበርገሌ ፍየል በዝርያው የታወቀ ነው፤ በሽታውን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ግን በየቀበሌው አይገኝም። የዋግ ማር ስሙ ሩቅ ነው፤ ቀፎውን የሚያሻሽል፣ ማሩን አጣርቶና አሽጎ ለገበያ የሚያወጣ ሰው ያስፈልገዋል። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፍየል ጠባቂ በነበረ አገር ዓሣ አጥማጅ ተፈጠረ፤ ዓሣው ሳይበላሽ ገበያ የሚያደርሰው የማቀዝቀዣ ባለሙያ ይፈልጋል። ሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ እዚያ የተገኘውን ዘርና ዘዴ ገበሬው ማሳ ላይ የሚያደርስ ሰው ይጠይቃል። ልጆቻችን አንደኛ ደረጃን በኽምጣና ይጀምራሉ፤ ቋንቋውን አውቆ፣ ማስተማርንም ተምሮ የሚመጣ መምህር ይሻሉ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ የሚያንገበግበን ነውና። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። የከተማችን ስም የመላው አገር የሕፃናት ረሃብ መጠሪያ ሆነ። በ1966ም በ1977ም በረሃብ የተጠራ አገር ነው፤ አሁን ደግሞ ረሃብን ለማጥፋት ተጠራ። ደግ! ግን ቃል ኪዳን በራሱ ሕፃን አያጠግብም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፣ የውሃ ቴክኒሻኑ፣ የአትክልት ባለሙያው፣ ነርሷ ናቸው ቃሉን ሥጋ የሚያለብሱት። እነዚህ ሰዎች ከእኛ መካከል ካልወጡ ከየት ይወጣሉ? ከሩቅ የሚመጣው ባለሙያ አንድ ዓመት ይሠራል፤ ሁለተኛው ዓመት ዝውውር ይጠይቃል። እርሱን አንወቅስም፤ ቤቱ አይደለምና። ቤታችን የሆነው የእኛ ነው።

«እሺ፤ ታዲያ ደሞዙን ማን ይከፍለኛል?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በጀት ተማሪ አይመድብም። ደግሞም የዋግ ልጅ ሁሉ ዋግ ላይ ይቀመጥ ብለን አንፈርድም፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ሌላ ዓይነት ጣሪያ ነው። የምንለው ይህ ነው፦ ዋግ ላይ ሥራ ያለው፣ ከዋግ ውጭም የማይሞት ሙያ ምረጡ። ፓምፕ የሚጠግን ሰው ሰቆጣም ይፈለጋል፣ ደሴም ይፈለጋል። ያስመዘገበው ኮሌጅ ብቻ የሚያውቀው ዲግሪ ግን የትም አይፈለግም።

ምርጫ የምንለውም ምን ያህል ምርጫ እንደ ሆነ እናውቃለን። የመንግሥት ዩኒቨርስቲን በቅጽ ላይ እንደረድራለን፤ የሚመድበን ግን ሌላ ነው። ቢሆንም ቀዳዳዎች አሉ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ሆኗል፤ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ማለት የመጠየቂያ ጊዜ አለ ማለት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርስቲዎቹ የምርምር፣ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ እየተባሉ ተለይተዋል፤ የምትሞሉት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ እወቁ። የግል ኮሌጅ የሚገባ ደግሞ ገንዘቡን ሳይከፍል የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። እንግዲህ የሚጠየቀውን እንዘርዝር፦

1ኛ. ማን ያስተምራል? መምህሩ ሙያውን በእጁ ሠርቶት ያውቃል ወይስ እርሱም ያጠናው ከሥዕሉ ነው?

2ኛ. በምን ያስተምራል? ወርክሾፑን፣ እርሻውን፣ ቤተ ሙከራውን «አሳዩኝ» በሉ። ቁልፉ የጠፋበት ወርክሾፕ የለም ማለት ነው። አንድን መሣሪያ ስንት ተማሪ እንደሚጋራውም ቁጠሩ።

3ኛ. ፈቃዱ የማን ነው? ኮሌጁ ፈቃድ አለኝ ማለቱ አይበቃም። የምትማሩት ትምህርት በምትማሩበት ካምፓስ የታወቀ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ዋናው ግቢ የተፈቀደለትን ትምህርት ቅርንጫፉ ያለ ፈቃድ ሊያስተምር አይገባም።

4ኛ. ያለፈው ዓመት ተመራቂ የት ነው? በዚያ የትምህርት ክፍል የመውጫ ፈተናውን ወይም የብቃት ምዘናውን ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ? ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ተዉት፤ ሦስት ተመራቂ ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

5ኛ. የሥራ ልምምዱ ስንት ወር ነው? የት ነው? ተማሪው እዚያ ይሠራል ወይስ ሻይ ያመላልሳል?

6ኛ. ከዚያ ወዲያ መንገድ አለው? ከደረጃ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ላይ የሚያሻግር በር አለ ወይስ ግንብ ነው?

7ኛ. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የክፍያውን ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራዩን፣ የምግቡን፣ የመንገዱን ጨምሩ። በመንግሥት ተቋም በወጪ መጋራት ተምሮ ሲሠሩ መክፈል ይቻላል፤ በግል ኮሌጅ ግን ፍየሎቹ ዛሬውኑ ነው የሚሸጡት።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ኮሌጅ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ የመንግሥት ይሁን የግል፣ ግቡበት። የሚቆጣ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ግን ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

በመጨረሻ ለራሳችን፣ ግጥምና ልቦለድ ለምንጽፈው። «እናንተ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ፓምፕና ስለ ፍየል ምን አገባችሁ?» የሚለን አለ። ያገባናል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ውስጥ ያለው የዩኒቨርስቲ ወጣት ከባላገሩ ጋር ብዙ ይነጋገራል፤ ንግግሩ ግን መግባባት አልሆነም። ዛሬም ያው ነው። በእጁ የሚችል፣ በቃሉ ግን ማስረዳት የማይችል ባለሙያ ገበሬው ፊት ዲዳ ነው። በኽምጣና «ልጅሽ ምን በላ?» ብሎ እናቲቱን መጠየቅ የማይችል የሥነ ምግብ ባለሙያ መዝገብ ይሞላ እንደ ሆነ እንጂ ሕፃኑን አያውቀውም። ስለዚህ የሙያ ኮሌጅ ቋንቋን፣ ታሪክን፣ ማሰብን ከፕሮግራሙ አውጥቶ ቢጥል «ጊዜ ቆጠብን» አይበል። የእጅን ትምህርት ለአንዱ፣ የአእምሮን ትምህርት ለሌላው መክፈል ያ የተሻረው ጣሪያ በሌላ በር መግባቱ ነው። ሁለቱንም ለአንድ ሰው ስጡ እንላለን።

ኮሌጅ ለሚከፍቱትም አንድ ቃል አለን። ሪባን መቁረጥ ኮሌጅ መክፈት አይደለም። ወርክሾፕ ሳይኖር «የሙያ» ብሎ መሰየም የድሃን ፍየል በጠራራ ፀሐይ መንዳት ነው። ተቆጣጣሪውም ሰሌዳውን አንብቦ አይመለስ፤ ገብቶ መሣሪያውን ይቁጠር።

ወንድሞችና እህቶች፦ ክረምት ደርሷል፤ የቻለ ወደ አገሩ ይሄዳል። ሰባቱን ጥያቄዎች ከዚህ ገጽ ቅዱ። በአማርኛም በኽምጣናም ጻፏቸው፤ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፏቸው። መንገዱ ያልተከፈተለት ቢያንስ በስልክ ለአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያንብብለት። አባቶችም ይስሙ፤ ፍየሉን የሚሸጡት እነርሱ ናቸውና ምን እየገዙ እንደ ሆነ የማወቅ መብት አላቸው። በመስከረም ስንገናኝ ማን የትኛውን ኮሌጅ ጠይቆ ምን መልስ እንዳገኘ ሰብስበን በዚሁ መጽሔት እናወጣለን። ተማሪ ሳይጠይቅ የሚመዘገብበት ዘመን በእኛ ይብቃ።